መኪናው አሸዋ ሲገባ ምን አደረገ?

በወጣትነቴ ከሞያሌ እስከ ክብረ መንግሥት እንደ እኔ የሚፈለግ ላጤ አልነበረም። በሬ ሳይንኳኳ የዋለበት ቀን የለም። እውነቱን ለመናገር ግን የሚያንኳኳው ጎረቤቴ ብቻ ነበር፤ ያዋሰኝን ካውያ ሊጠይቅ።

ያኔ ነገሌ ላይ ሦስት ላጤ መምህራን አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። ስለ ሚስት ስናወራ የምናነሳው ዓይን፣ ጥርስና ቁመት ነው። በግ ለመግዛት እንኳ ከዚያ በላይ ይጠየቃል! እኔም ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ፣ ኋላ እንዳወቅሁት የወታደር ልጅ ናት፣ መርፌ ወግታኝ ጥጡን እስክትጥል ድረስ መርጬ ጨርሼ ነበር። በሳምንቱ ላግባሽ አልኳት።

«ሰው ልጠይቅና እነግርሃለሁ» አለችኝ።

ማንን እንደምትጠይቅ ግራ ገባኝ። ነገሌ የጦር ሰፈር ያለባት ከተማ ናት፣ ሁሉም ከየአገሩ የመጣ ነው፤ ዘሬን የሚቆጥርላት አጎት እዚያ የለኝም። ለካ የጠየቀችው አንድ ጊዜ ሞያሌ ድረስ የጫነኝን የጭነት መኪና ሾፌር ኖሯል! እሱው መንገድ ላይ አቆመኝ።

«አካም፣ መምህር! አንዲት ልጅ ስለ አንተ ጠይቃኝ ነበር።»

«ስለ መልኬ?»

«መልክህን ምን ያደርግላታል! ሞያሌ ስንወርድ መኪናው አሸዋ የገባ ቀን ምን አደረገ ነው ያለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ያየሁትን ነዋ!»

ያን ቀን ሴት ወንዱ አሸዋ ሲዝቅ እኔ «ሆዴን ቆረጠኝ» ብዬ ግራር ሥር ተጋድሜ ነበር።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ዓይኗን ከካርዱ ሳታነሳ፣ «ያን ቀን ምንህን ነበር ያመመህ?» አለችኝ። አሥር ቀልድ ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

«ምንም። ፀሐዩን ሸሽቼ ነው።»

«ሾፌሩም እንዲሁ ነው ያለኝ። ሰነፍን ማሠራት አያቅተኝም፤ ውሸታም ግን አልችልበትም። በል ሽማግሌ ላክ።»

እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። አሁን የማስተምራቸው ወጣቶችም ያው ናቸው፤ ወንዱ ሊያገባት ያሰባትን ልጅ ፎቶ ከስልኩ አውጥቶ ያሳየኛል፣ ሴቷ «ጋሼ፣ ሲናደድ ምን ይላል?» ብላ ትጠይቀኛለች። ያቺ ነርስ ግን የአሸዋውን የፈተና ጥያቄ ማንም ሳያስተምራት ነው ያወጣችው።

እኔስ? ያኔ የለመንኳቸው ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደጄ መጡ። አንደኛው «ልጄ፣ የማን ቤት ነው የምንሄደው? አባቷ ማን ይባላሉ?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ቤታቸውንም አላውቅም። ስለ ልጅቷ አንድም ሰው ጠይቄ አላውቅም ነበር።