የተፋቀው ሐረግ

ትናንት የአጎቴ ልጅ ደምሴ ከሞላሌ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። ደብረ ብርሃን፣ ከተመረቅኩ ወዲህ የምሠራበት ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ፣ አንዱ ደንበኛ የሆቴሉን ባነር "ጌጥ ጨምሪበት፣ ገና ይቀረዋል" እያለ ሲነዘንዘኝ ከፈትኩት። ካየሁት በኋላ ሰውዬው ያለውን አልሰማሁም። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። ቪዲዮው ላይ ያለውን ከመናገሬ በፊት ግን የዚያን ክረምት ነገር ላውራ፤ ያለሱ አይገባም።

ሁለተኛ ዓመት የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ ነበርኩ። አጎቴ ቄስም የብራና ጸሐፊም ናቸው። ሐረግ ልማር ብዬ ክረምቱን ሞላሌ እሳቸው ቤት ሄድኩ። ሐረግ የሚባለው በብራና መጽሐፍ ገጽ አናት ላይ እየተጠላለፈ የሚሄደው ባለቀለም ጌጥ ነው። መንገዱ ጭቃ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው በሰው ላይ፤ ስወርድ ጉሙ የራሴን ጫማ እንኳ አያሳይም። ያን ብርድ የቻልኩት ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ በሶ በጥብጬ እየጠጣሁ ነው። ስለ በሶ ሳወራ ይኸው አማረኝ።

አጎቴ ለደብራቸው አዲስ መጽሐፍ ጽፈው ሊጨርሱ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ሐረግ ለእኔ ሰጡኝ። መስመሩ መጀመሪያ ያለቀለም በወስፌ ጫፍ ይጫራል፣ ቀይና አረንጓዴው ከዚያ በኋላ ነው የሚሞላው። እኔ ደግሞ ቀስ ማለት አላውቅበትም።

"እጅሽ ከባድ ነው" አሉኝ። "ብራናውን ልትበሺው ነው እንዴ?"

"ቀለሙ ይሸፍነዋል፣ ጋሼ።"

"መቼስ እናንተ ከተማ የማይሸፈን ነገር የለም።"

እየሳቁ ነበር። ስጨርስ ግን ጠጋ ብለው አዩት። እኔም አየሁት፤ እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። በሕይወቴ የሠራሁት የመጀመሪያው ጥሩ ነገር እሱ ነው።

በደብሩ ንግሥ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ አጎቴ መጽሐፉን ደጀ ሰላሙ ላይ ከፍተው ማንበብ ሲጀምሩ ሰው ገጹን ለማየት ተጋፋ። ስልክ ወጣ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ነጋዴ በትከሻቸው ላይ ተንጠራርቶ፣ ንባቡ መሃል "አባ፣ ትንሽ ወደ ብርሃኑ ያዘንብሉልኝ" አላቸው። አጠገቡ ላለው ደግሞ "ይሄ እኮ ቲሸርት ላይ ቢታተም" ሲለው ሰማሁ። እኔ በደስታ መሬት አልረገጥኩም። አጎቴ ንባቡን ሳይጨርሱ መጽሐፉን ከደኑት።

መጽሐፉ የቆዳ ሽፋኑ ይቀረው ስለነበር ይዘውት ወደ ቤት ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ክፍላቸው ስገባ ክርር ክርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ሐረጌን በመፋቂያ ቢላ ይፍቃሉ። ቀዩ ዱቄት ጋቢያቸው ላይ ረግፏል።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ታዪ የለም?"

"ሰው ሁሉ ወዶት እኮ ነበር።"

"ወዶት ነበር። ምን እንዳነበብኩ ግን እስቲ አንዱን ጠይቂው።" ቢላውን አላቆሙም። "ሐረግ በር ነው ልጄ። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተገትሮ ከቀረ፣ ውስጥ ለማን ላንብብ?"

ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ከኋላዬ መጥተው "እርስዎ ሰውዬ፣ የልጅቷን ልብ እኮ ነው የሚፍቁት" አሏቸው። እሳቸው ግን እስኪጨርሱ ፋቁ። የገጹ አናት ባዶ ቀረ፤ ሌላ ሐረግም አልሣሉበትም። ከሰዓት ባለው መኪና ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ለበዓል ደውዬ "እንኳን አደረሰዎ" ከማለት ያለፈ አላወራኋቸውም።

አሁን ወደ ቪዲዮው። የአጎቴን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፣ ይሄን ሰምቻለሁ። ንባቡን በቃላቸው ነው የሚያደርሱት፤ መጽሐፉ በትክክለኛው ገጽ ካልተከፈተ ግን አይጀምሩም። ቪዲዮው ላይ የዚያኑ መጽሐፍ ገጽ ይገልጣሉ፣ ባዶ የነበረውን አናት በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ። የማለዳ ፀሐይ በጎን አርፋበታለች። ለካ ባዶ አይደለም። ቀለሙ ነው የሄደው፤ በወስፌ ተጭኜ የጫርኩት ጥልፍልፍ በሙሉ ብራናው ላይ አለ። ጣታቸው መስመሬን ይዞ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል።

"አባባ፣ ምን እየፈለጉ ነው?" ይላል ደምሴ።

"በሩን" አሉት። ከዚያ ንባቡን ጀመሩ።

አሁንም ትክክል ነበሩ አልልም። ያን ቀለም መፋቅ አልነበረባቸውም፣ ቅዳሜ ሞላሌ ሄጄ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። ግን ደግሞ ባነሩ ላይ ጌጥ እየጨመርኩ አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ይመላለሳል። ያኔ ሰምቻቸው እጄን አቅልዬ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ጣታቸው ምን ያገኝ ነበር?