እህት ቬርና ያለፈችው ፈተና

እህት ቬርና ቲሊሰንን በደንብ አውቃታለሁ ማለት አልችልም። ቤተ ክርስቲያን አንድ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ዓመታት ቢያልፉም ከሰላምታ የዘለለ ወሬ አልነበረንም። ስለ እሷ የሚጽፍ ሌላ ሰው ቢገኝ ደስ ባለኝ።

ቬርና ፖሊስ አይደለችም። የምትሠራው ግን ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ፣ የከተማችን የመንገድ ካሜራዎች በሙሉ በሚታዩበት ክፍል ነው። የሚፈለግ መኪና በካሜራ ሥር ሲያልፍ ኮምፒዩተሩ ታርጋውን አንብቦ ይጮኻል። እሷ አጣርታ መንገድ ላይ ላሉት ፖሊሶች ትናገራለች። ዘንድሮ፣ ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ ማለት ነው፣ ለዚህ ሥራ የሚሰጠውን የሙያ ብቃት ፈተና ተፈትና አለፈች። ከጣቢያው ሰዎች የመጀመሪያዋ ናት።

ፓስተራችን ይህን ሲሰሙ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ግብዣ ይደረግ አሉ። የተጠበሰ ዶሮ፣ ጎመን፣ ማካሮኒ በአይብ ቀረበ። ኬኩን የጋገሩት ዲያቆን ሐምብሪክ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ሚኒባስ የሚነዱት ሽማግሌ። ባለፈው ጸደይ የመዘምራን ልጆችን ጭነው ሲሄዱ ፖሊስ አስቁሟቸው፣ ሽጉጥ ደግኖ አስፋልት ላይ አንበርክኮ በካቴና አስሯቸው ነበር። ልጆቹ በመስኮት እያዩ ሲጮኹ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ለካ ፖሊስ የሚፈልገው የተሰረቀ መኪና ቁጥሩ ከእኛ ሚኒባስ ጋር አንድ ይሁን እንጂ ታርጋው የአላባማ ግዛት ነው፤ የእኛ የጆርጂያ። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ታርጋ ስለሚያወጣ ቁጥር ሊገጣጠም ይችላል። ጣቢያው ይቅርታ ጠየቀ። ማን እንደተሳሳተ ግን አልተናገረም።

«ተነሺ እንጂ እህት ቬርና፣ እንይሽ!» አሉ ፓስተሩ።

ቬርና ብድግ ከማለቷ መልሳ ቁጭ አለች።

«ጉድ እኮ ነው! ቀኑን ሙሉ ሰው ስታይ ውላ እሷን ሲያዩዋት ታፍራለች» አለች እህት ኦዴሳ ከወጥ ቤት በር ላይ።

«አንቺ ዝም በይ፤ ዶሮ ደብቀሽ ስትወስጂ አይታሻለች» አሏት ሐምብሪክ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ትልቁን ቁራሽ ኬክ ቆርጠው ለቬርና አቀረቡላት። «ልጄ፣ ያን ቀን አንቺ ተረኛ ሆነሽ ቢሆን ኖሮ እንዲያ አያዋርዱኝም ነበር። አንቺ አይተሽ ነው የምትናገሪው።»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ቬርና ሳህኑን ተቀበለች፤ ቀና ብላ ግን አላየቻቸውም።

ግብዣው ሲያልቅ የተረፈውን ምግብ ይዤላት ወደ መኪናዋ ሸኘኋት። በሩን ከፍታ ቆመች።

«እኔ ነበርኩ» አለች።

«ምኑ?»

«ተረኛዋ። ኮምፒዩተሩ ሲጮህ ቁጥሩን አየሁ፣ የየት ግዛት እንደሆነ አላየሁም። ቸኮልኩ። አለቆቼ ስምሽ አይነሳም አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ታምኛለሽ? እሳቸው ተንበርክከው በካሜራ አይቻቸው፣ ስሜ ስላልተነሳ ደስ አለኝ።»

የያዝኩትን ምግብ መኪናዋ ወንበር ላይ አስቀመጥኩላት። ጎበዝ ሰው ቢሆን የሚያጽናና ቃል ያገኝ ነበር።

«ፈተናው ላይ ይህንኑ ጠየቁኝ» አለች። «ኮምፒዩተሩ ሲጮህ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? ፎቶውን በዓይኔ አይቼ ግዛቱን አረጋግጣለሁ ብዬ መለስኩ። ትክክል ነው፣ አገኘሽው አሉኝ። ድሮም አውቀው ነበር እኮ። አለማወቅ ቢሆን ምን ነበረበት።»

ሐምብሪክ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ወጥተው የጠረጴዛ ልብስ ያራግፉ ነበር። አይተውን እጃቸውን አወዛወዙልን። እኔ መለስኩላቸው፤ እሷ እጇን አላነሳችም።

«ትነግሪያቸዋለሽ?» አልኳት።

«እሱን አትጠይቂኝ፣ እህቴ» አለች።