ለታደለች ሪሞት የመረጥኩ ጊዜ

ሥራ የገባሁ ቀን አንክል ራጅ አንድ የጫማ ካርቶን ፊቴ አስቀመጠና "በየቀለሙ ለይልኝ" አለኝ። አንክል ራጅ የሱቁ ባለቤት ነው፤ እዚሁ ጆበርግ የተወለደ ሕንድ። ሱቁ የእኛ ሰዎች ጄፒ በሚሉት ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነው። የሚሸጠው በሪሞት የሚነዳ መኪና ነው። መጫወቻ ነው የሚል አለ። እኔ አልከራከርም። ሞተር አለው፣ ሞላ አለው፣ ግድግዳ ከመታ ይሰበራል።

ካርቶኑ ውስጥ ጥፍር የሚያካክሉ ክሪስታሎች ነበሩ። ያን ጊዜ ሪሞትን ከመኪናው የሚያገናኘው ክሪስታል ነበር። ሁለት ሰው አንድ ቀለም ከያዘ አንዱ የሌላውን መኪና ይነዳበታል። እኔ ፊደል ብዙም አልዘለቅሁም። እንግሊዝኛዬም እዚህ ስፓዛ ከሚሉት የሰፈር ኪዮስክ የለቀምኩት ነበር፤ "ሃው ማች" እና "ኖ ክሬዲት"። ቀለም ግን ማንበብ አይጠይቅም። ምሳ ሳይደርስ ጨረስኩ። አንክል ራጅ ካርቶኑን አገላብጦ አየና "ነገ ና" አለኝ። በማግስቱ መጣሁ። እንደመጣሁ አለሁ።

ከዚያ በፊት ከከተማው ዳር፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር ሱቅ ነበረኝ። ከፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦና የስልክ ካርድ መሸጥ ነው። ሱቁን ለአገሬ ልጅ ለታደለች ለቀቅሁላት። ስሟን ያዙልኝ፣ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አንክል ራጅ መጀመሪያ ብሎን አስፈታኝ። ቀጥሎ ሽቦ አስበየደኝ። በመጨረሻ ደንበኛ ፊት አቆመኝ። የከበደኝ ይሄኛው ነው፤ እኔ አፈ ቅቤ አይደለሁም።

ጀማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ሪሞት ሩቅ ይሄዳል?" ብሎ ነው። "መኪናህ ከዓይንህ ከራቀች ምኑን ነው የምትነዳው?" እለዋለሁ። ከዚያ ስክሪን ያለውን ያነሳል። "አንተ ስክሪን ስታይ መኪናህ ግድግዳ ታያለች" እለዋለሁ። አንክል ራጅ ከሒሳብ መቀበያው ሆኖ በረጅሙ ይተነፍሳል።

ለጀማሪ የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ሪሞቱ እንደ ሽጉጥ የሚያዝ ነው፤ ስለዚህ እጅ የሚሞላ፣ የማይከብድ መያዣ። የፍጥነት ቃታው ሲሳብ መኪናዋ እንዳትፈተለክ ፍጥነቷን በግማሽ የሚይዝ ቁልፍ። ደግሞ ሪሞቱ ቢጠፋ መኪናዋን ባለችበት ቀጥ የሚያደርግ።

ይህን የመጨረሻውን የተማርኩት ጸሎት ላይ ነው። ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሰፈር የእኛ ሰዎች እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ የመኪና ማቆሚያ ላይ አሮጌ ጎማ ደርድረው ይወዳደራሉ። እኛ ደግሞ ያለ ጸሎት ምንም አንጀምርም። አንድ እሁድ ጸሎት የሚመራው ወንድም "ስልካችሁንም፣ የያዛችሁትንም ሁሉ አጥፉ" አለ። ሰዉ ታዛዥ ነው፣ ሪሞቱን አጠፋ። መኪኖቹ ግን በርተዋል። የሌሎቹ ቆሙ፣ የደሳለኝ ሄደች። ደሳለኝ የእሁዱ ቡድን ሰብሳቢ ነው፤ እዚያው ኮዝሞ ሲቲ ሱቅ አለው። ዓይናችንን ጨፍነን ድምጿን እንሰማለን፤ ስትርቅ፣ ስትዞር፣ ስትመለስ። ማንም ዓይኑን አልገለጠም። ጸሎቱም አላጠረም። አሜን ስንል መኪናዋ አጥሩ ሥር በጀርባዋ ተኝታ ጎማዋን ታሽከረክራለች።

"ጋሽ ኤርሲዶ፣ ምን ሆና ነው?" አለኝ ደሳለኝ።

"አንተ ጸለይክ፣ እሷ አልጸለየችም" አልኩት።

ሰኞ የሚያቆም ሪሞት ሸጥኩለት። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ መኪናው ይጠፋል፣ ቀጥሎ ሪሞቱ፣ ከዚያ ይጸለያል።

ወደ ታደለች ልመለስ። መኪናዋን የገዛችው ያገለገለ ነው፣ ከነሪሞቱ። እሁድ እሁድ ሱቋን ለእህቷ ትታ፣ ታክሲ እየቀያየረች ከኦሬንጅ ፋርም ኮዝሞ ሲቲ ትመጣለች። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። ቡድኑ ደግሞ ሕግ አለው። አዲስ ሰው ጎማ ሳይነካ ሦስት ዙር ካልነዳ ውድድር አይገባም። ታደለች ሞከረች፣ ጎማ መታች። እንደገና ሞከረች፣ አጥር መታች። ደሳለኝ "እቴ ታደለች፣ አንድ ዕድል አለሽ። ካልሆነ ወንበር እናወጣልሻለን፣ ታያለሽ" አላት። ክፉ ሰው አይደለም። ሕግ ይወዳል።

በሳምንቱ ለሱቋ ዕቃ ልትገዛ ጄፒ ስትመጣ ወደ እኛ ፎቅ ወጣች። መኪናዋን በፌስታል ይዛለች።

"ጋሼ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ሪሞት ይስጡኝ" አለች።

"ምን ሆነሽ?"

"ሳምንቱን ሙሉ ሰው የሚያየኝ በፍርግርግ ነው። እርስዎ ያውቁታል። እሁድ ደግሞ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ጨዋታ ልይ? አላይም። አሁንም ካቃተኝ መኪናዋን እሸጣለሁ፣ ኮዝሞ ሲቲም አልመለስም።"

አንክል ራጅ አማርኛ አይሰማም። ጣቷ ስክሪን ያለው ላይ መሆኑን ግን አይቷል። ከመስታወት ሳጥኑ ሊያወጣው ተነሳ።

"አይሸጥላትም" አልኩት።

"ለምን?"

"ስትነዳ አላየኋትም።"

"ደንበኛ ልግዛ ሲል ሻጭ እምቢ የሚልበት ሱቅ በጆበርግ የእኔ ብቻ ነው" አለና ተቀመጠ። ለምዶኛል።

ኮሪደሩ ላይ በፕላስተር ያሰመርኩት መንገድ አለ። የራሷን ሪሞት ከፌስታሉ አውጥቼ አቀበልኳት። በቀኝ እጇ ተቀበለች፣ ግራዋን ክርኗ ሥር አድርጋ። እኛ እንዲህ ነን። የዙሉ ደንበኞቻችንም እንዲሁ ናቸው፤ ያሳደጋቸው ሰው ያስተማራቸው ነው። ሪሞት ግን እንዲህ ለሚቀበል ሰው አልተሠራም። መያዣውና ቃታው ለግራ እጅ ነው፣ በቀኝ እጅ የሚዞረው ክብ መሪ በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ "ወደ ግራ እጅህ አዙረው" ማለት የዘወትር ሥራዬ ነው። ታደለች ግን ሳልነግራት አዞረችው፤ ኮዝሞ ሲቲ ነግረዋታል።

ነዳች። መኪናዋ ደህና ነች፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ኩርባ ላይ ስትደርስ ግን ታደለች ታስባለች። አስባ እስክታዞር መኪናዋ አልፋለች። መኪናዋን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አውጥቼ የፊት ጎማውን ፈታሁ። ጎማውን የምታዞረውን ትንሿን ሞተር አየሁ። ባትሪ ቀየርኩ። ምንም የለም።

"ሪሞቱ ነው አላልኩም?" አለች።

"ዝም በይ፣ እየሠራሁ ነው" አልኳት።

መኪናዋን ስገለብጥ ክርኔ ብሎን የማስቀምጥበትን ቆርቆሮ ገፋው። ቆርቆሮው ከጠረጴዛው ወረደ። መሬት ግን አልደረሰም። ታደለች አየር ላይ ቀልባዋለች፣ በግራ እጇ። አንድ ብሎን አልፈሰሰም።

ቆርቆሮውን አየሁ፣ እጇን አየሁ።

"ታዴ፣ ግራኝ ነሽ እንዴ?"

ወደ በሩ ዞር ብላ አየች፣ እናቷ እዚያ የቆመች ይመስል። "ነበርኩ" አለች።

"ግራኝ ደግሞ ነበርኩ ይላል?"

"እናቴ አስተወችኛ። በግራ መብላት ነውር፣ በግራ መስጠት ስድብ። ሱቅም ዳቦ የማቀብለው በቀኜ ነው።"

"ሰው በማያይሽ ጊዜስ?"

ሳቋ መጣ። "ሽንኩርት በግራዬ ነው የምከትፈው። በሩን ዘግቼ።"

አንክል ራጅ ምን ያስቃችኋል አለ። ነገርኩት። "የእኔ እናት ብትሆን ቢላውንም ትቀማት ነበር" አለና አብሮን ሳቀ።

መሰላል ላይ ወጥቼ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ሪሞት አወረድኩ። ስክሪን የለውም። የሚጠይቀው ስለሌለ አቧራ ጠጥቷል። ግን መሪው ይፈታና በሌላው ጎኑ ይታሰራል። ፈታሁ፣ አዞርኩ፣ አሰርኩ። ቀኝ ስትል ግራ እንዳትሄድ በቁልፉ አስተካከልኩ። ከሱ ጋር የመጣውን የሞገድ መቀበያ መኪናዋ ውስጥ ከትቼ ሁለቱን አጣመርኳቸው። የፍጥነቱን ቁልፍ ግማሽ ላይ አደረግሁ። ሰጠኋት። በቀኟ ተቀበለች፣ እንደ ልማዷ ወደ ግራ ልታዞረው ስትል ያዝኳት።

"አታዙሪው። እንደተቀበልሽ ያዥው።"

"ሰው ፊት በግራዬ ልነዳ?"

"መሪ ነው። አትበዪበትም፣ ለማንም አትሰጪበትም። ሪሞቱን በቀኝሽ ይዘሽዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ጨዋነት ይፈለጋል?"

ኮሪደሩን ዞረችው። ኩርባው ላይ አላሰበችም። ደግማ ዞረችው። አንክል ራጅ ሻዩን አስቀምጦ መጣ። ዕቃ የጫነላት ታክሲ ከታች ጥሩንባ ሲነፋ ነው የተወችው።

እሁድ የነሐሴ ነፋስ ነበር፤ እዚህ ነሐሴ ዝናብ ሳይሆን ነፋስ ነው። አቧራና ላስቲክ ያነሳል። ጸሎቱ አለቀና ታደለች መስመሩ ላይ ቆመች። ደሳለኝ እጇን አየ።

"እቴ ታደለች፣ አያያዝሽ ተገልብጧል።"

"ግራኟ መጣች" አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ ሳቀ።

ቀኝ እጇ ሪሞቱን ወደ ግራ ልታሻግር ስትጀምር አየሁ። ወደ እኔም ዞረች። እኔ ዓይኔን ወደ ጎማዎቹ አዞርኩ። ዝም ማለት ለእኔ ከብየዳ ይከብደኛል። እጇን መለሰች።

"አልተገለበጠም፣ ደሳለኝ። አንተ ቁጠር" አለች።

አንደኛውን ዙር በቀስታ ሄደች። ሁለተኛውን ትንሽ አፈጠነች፤ ከኋላ ያለው ወሬ ቀነሰ። ሦስተኛው ላይ፣ መጨረሻው ኩርባ ጋ፣ ነፋሱ አንድ ትልቅ ላስቲክ አምጥቶ መኪናዋ ፊት ጣለው። እኔ አለቀ አልኩ። የታደለች ግራ እጅ ግን ያችን ቆርቆሮ እንደቀለበች ነው የተወረወረችው። መኪናዋ ላስቲኩን ዞረች፣ በጎማውና በላስቲኩ መሃል ሾልካ ወጣች፣ መስመሩን አለፈች።

ደሳለኝ ሄዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየ። ሕግ ነው። ተመልሶ መጣና "አልነካችም" አለ። "ወንበሩን ለጋሽ ኤርሲዶ ስጡት።"

ሰዉ እያጨበጨበ ከበባት። ቀኟ ሪሞት ይዟልና "ግራኟ መጣች" ያለው ሰውዬ ራሱ ግራዋን ጨበጣት፣ ሳያስበው። በዚያ ቀን ውድድር ገብታ የወጣችው ከኋላ ሁለተኛ ነው። ከኋላዋ የቀረው ያው ሰውዬ ነው። እስከ ታክሲው ድረስ ይህን ስታወራ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ደሳለኝ እኛ ሱቅ መጣ። ወዲያ ወዲህ ብሎ፣ ሰው አለመኖሩን አይቶ፣ "ጋሼ፣ መሪው የሚዞረው ሪሞት ሌላ አለ?" አለኝ። "ለወንድሜ ነው።" አወረድኩና መሪውን አዙሬ ሰጠሁት። በቀኙ ተቀበለ። ወደ ግራ አላዞረውም። ግራ እጁ ራሷ ሄዳ መሪውን ያዘች።

"ወንድምህን ሰላም በልልኝ" አልኩት።

ያን ዓይነት ሪሞት አሁን አንክል ራጅ ዓይን ፊት ነው የሚደረድረው። የብሎኑን ቆርቆሮ ደግሞ እኔ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጀማሪ ሲመጣ በክርኔ እገፋዋለሁ። አንዳንዴ ብሎኑ ይፈስና እለቅማለሁ።

እናንተም ይህን ሥራ የምትይዙ ከሆነ፣ ለጀማሪ ሪሞት ስትመርጡ ዋጋውንና ስክሪኑን ተዉት። መጀመሪያ የሰውየውን እጅ እዩ። ሪሞቱ ከዚያ በኋላ አይከብድም።