ፉጨቱ ዜማ የሆነ ጊዜ

ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ ሳስተምር፣ ውጭ አገር ተምራ የመጣች ጓደኛዬ ሲንተሳይዘር የሚባል የኤሌክትሪክ ሙዚቃ መሣሪያ ሰጠችኝ። እንደ ኪቦርድ ቁልፎች የሉትም፤ ክፍል ክፍሉ በሽቦ የሚገናኝ ሣጥን ነው። አንዱ ክፍል ድምፅ ያመነጫል፤ ሁለት ማጣሪያዎች ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ እየከለከሉ ወፍራሙን ያሳልፋሉ። በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ቀን ዜማ እንደማሰማበት ለርእሰ መምህሩ ቃል ገባሁ።

ሳምንት ሲቀረው መብራት ሄዶ ሲመለስ ድምፅ አመንጪው ተቃጠለ። ሣጥኑን በነጠላዬ ጠቅልዬ ገበያው አጠገብ ወዳሉት ሽማግሌ ራዲዮ ጠጋኝ ሮጥሁ።

«ጋሼ፣ ይድንልኛል?»

መነጽራቸውን አጥልቀው አዩት። «ይኸስ አብቅቶለታል፣ ልጄ። ማጣሪያው ደኅና ነው፤ ግን እህል የሌለበት ወንፊት ምን ይረባሻል?»

እንባዬ መጣ። በንዴት የአንደኛውን ማጣሪያ ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ጠመዘዝሁት። ምንም ሳይገባበት አፏጨ!

ጠጋኙ ሳቁ። «የድሮ ራዲዮም የገዛ ድምፁ ተመልሶ ሲገባበት እንዲህ ያፏጭ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ፉጨት ሳጠፋ ኖርሁ።»

ሌላ ማዞሪያ ስነካ ፉጨቱ ወፈረ፤ መልሼ ሳዞር ቀጠነ። ዜማ ሊወጣው ነው! ችግሩ አላቋርጥ ማለቱ ነበር።

«ሁለተኛው ማጣሪያ ሥራ ፈትቶ የለ?» አሉኝ።

ፉጨቱን በእሱ በኩል አሳለፍሁት። እሱን ስዘጋው ድምፁ ጠፋ፣ ስከፍተው ተመለሰ። ጠጋኙ ከመሳቢያቸው የበር ደወል መጥሪያ ፈልገው ከባትሪ ጋር በየዱልኝ። ስጫነው ሁለተኛው ማጣሪያ ይከፈታል፤ ስለቀው ቀስ ብሎ ይዘጋል። በማጣሪያ ብቻ የሚዘፍን መሣሪያ ሆነልን።

በልጅነታቸው ድቁና ተምረዋልና ጆሯቸው ስል ነው። ማዞሪያው ዙሪያ ወረቀት ለጠፉና እያንጎራጎሩ የትዝታን አምስት ድምፆች በእርሳስ ምልክት አደረጉልኝ።

በዕለቱ አዳራሹ ሞልቷል። ስጀምር ግን ምልክቶቹ ሁሉ ሳቱ። ሞቃት ሱቅ ውስጥ የቃኘነው ማጣሪያ በአዳራሹ ብርድ ቅኝቱን ለቋል። ተማሪዎቹ ሳቁ።

የጋበዝኋቸው ጠጋኝ ከፊት ወንበር ተነሡ። «ወረቀቱን ተይው! በጆሮሽ ሂጂ!»

ዓይኔን ጨፍኜ የመጀመሪያውን ድምፅ ፈለግሁ። አለፍሁት፣ ተመለስሁ፣ አገኘሁት። ሁለተኛው ቀለለኝ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሳቁ ቆሟል። ከኋላ አንዲት ልጅ አብራኝ ማንጎራጎር ጀመረች፤ አጠገቧ ያሉት ተከተሏት፤ ከዚያ የማን ድምፅ እንደሚመራ አላውቅም። ስጨርስ ጭብጨባው ጆሮዬን አደነቆረው።

ርእሰ መምህሩ ጠጋኙን እጃቸውን ይዘው፣ «ለተማሪዎቻችን ይህን ሙያ ቢያሳዩልን?» አሏቸው።

«እኔ አስተማሪ አይደለሁም» አሉ አፍረው።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አንድ ተማሪዎች የተበላሹ ራዲዮዎች ይዘው ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመዋል። ጠጋኙ መበየጃቸውን በፌስታል አንጠልጥለው መጡ። ክራቫት አስረዋል።