ጅራታሟ ኮከብና የእጅ ቆጠራው

ጋሽ ወልደሥላሴ ከምርጫ ዘጠና ሰባት ወዲህ የስደተኞች ማኅበራችን ካወጣቸው መግለጫዎች በአንዱም ላይ ባለመፈረማቸው «ሰላይ» የተባሉ ሰው ናቸው። ያልፈረሙት ሳያነቡ መፈረም ስለማይሆንላቸው ነው፤ የኛ መግለጫ ደግሞ ተነቦ አያልቅም። ዙሪክ ከተማ፣ ዜባህ የሚባል ሰፈር ይኖራሉ። ሥራቸው አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ለዓይን የማይታይ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ማቀዝቀዝ ነው።

ጥቅምት 2000 ላይ በትልቅ ቴሌስኮፕ እንኳ ጭል ጭል የምትል አንዲት ጅራታም ኮከብ በሁለት ቀን ውስጥ ፈንድታ በባዶ ዓይን ታየች። ጄኔቫ ያለው ማኅበራችን መቼስ ዝም አይልም። ሊቀመንበራችን አቶ ኅሩይ «የሰማይ እሳት ነው፤ መንግሥት ሊወድቅ ነው» የሚል መግለጫ አሳተሙ። ከዚያ ጋሽ ወልደሥላሴን ጠርተው፣ «እሳት መሆኑን በሳይንስ ያረጋግጡልንና ስምዎን እናጸዳለን» አሏቸው።

ሰውየው ጄኔቫ፣ ሰርቬት ሰፈር ያለው አዳራሻችን ድረስ መጥተው መስመር የተሳለበት ወረቀት ዘረጉ።

«ይሄ ለዓይን የማይታየው ብርሃኗ ነው። መስመሩ እዚህና እዚህ ጋ ጎድጎድ ይላል። በረዶ ብርሃን ሲውጥ እንዲህ ነው። የፈነዳው በረዶ ነው፤ የሚያበራው ፀሐይ ስላረፈችበት ነው።»

«መግለጫው እኮ ታትሟል!» አሉ አቶ ኅሩይ። «በሉ፣ ዴሞክራቶች ነንና በድምፅ ይወሰን!»

ሰማዩ እጅ በማውጣት ሊወሰን ሆነ። ቆጣሪው እኔ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩ። ኦ ቪቭ ሰፈር የሚኖሩት ሴቶቻችን በሙሉ ለበረዶ እጃቸውን አወጡ፤ የዲፕሎማት ፍሪጅ ሲያጸዱ የኖሩ ናቸውና በረዶ አይጠፋቸውም። በረዶ አሥራ ሁለት፣ እሳት አሥራ አንድ።

አቶ ኅሩይ አዩኝ። ለጥገኝነት ጥያቄዬ የሚያስፈልገኝ የድጋፍ ደብዳቤ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

«እሳት አሥራ ሁለት፣ በረዶ አሥራ አንድ» አልኩ።

ጭብጨባው ቀለጠ። ከኦ ቪቭ ሴቶች አንዷ፣ ፈትለወርቅ፣ ብቻ ተነስታ «እኔም ቆጥሬያለሁ!» አለች። ቅሬታዋን በጽሑፍ እንድታቀርብ ተነገራት።

ጋሽ ወልደሥላሴ ወረቀታቸውን አጥፈው ወጡ። በሩ ላይ፣ «ግድ የለም ልጄ፣ ኮከቧ አልሰማችም» አሉኝ። ሰላይነታቸው ላይ ማኅተም የመታሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ደብዳቤው ተፈረመልኝ። በሳምንቱ የጥገኝነት ቢሮዋ ሴትዮ አገሬን ለምን እንደለቀቅሁ ጠየቀችኝ።

«የምርጫ ታዛቢ ነበርኩ» አልኩ። «የቆጠርነውን ድምፅ ገልብጠው አወጁብን።»

«ገልብጦ ያወጀውን ሰው ያውቁታል?»

«በደንብ» አልኩ።