ባዶ የቀረው የድጋፍ ዓምድ

የካቲት 9 ቀን፣ ሐሙስ። የኮምፒውተር ጠጋኛችን ማነጻጸሪያውን አልጨረሰም። ኮምፒውተሮቻችን በየዓመቱ በሚከፈልበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይቀጥሉ ወይስ ወደ ነጻው ይዛወሩ የሚለውን ለሥራ አስኪያጁ ሊያቀርብ ነበር። የዋጋውን ዓምድ ሞልቶታል። "ድጋፍ" ከሚለው ሥር የነጻው ቦታ ባዶ ነው። በዚያው ሌሊት አረፈ።

"ሐኪሙ" እንለው ነበር፤ የታመመ ኮምፒውተር ሲያይ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ማራገቢያውን ያዳምጣልና። ስልክ አንደውልለትም። ሲበላሽብን ግድግዳውን እንደበድባለን፣ ከወዲያኛው ክፍል እያጉረመረመ ይመጣል። እኔ የምሠራበት መዝገብ ቤት ያሉትን፣ ሊጣሉ የነበሩ አሮጌ ማሽኖች በነጻው ያስነሣቸው እሱ ነው።

"ምን ያስጨንቅሃል? ነጻውን አስገባና ገላግለን!" አለችው ገንዘብ ያዥዋ አንድ ቀን።

"ሲበላሽስ ማንን ትጠሪያለሽ?"

"አንተን ነዋ! ግድግዳው የት ሄደ?"

"እኔ ባልኖርስ?"

"ኧረ ሟርትህን ተው! ሐኪም ይታመማል እንዴ?"

ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት።

ሳንባው ክፉኛ መጎዳቱን ከመሥሪያ ቤቱ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከፎቁ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሲሰበስብ አግኝቼው ነው የነገረኝ።

"ሌላ ሰው ላሠልጥን ብዬ ስንቴ ለመንኩ መሰለሽ። በጀት የለም ይሉኛል። ታዲያ ድጋፍ በሚለው ምን ልጻፍ? አንድ የሚያስል ሰው አለ ልበል?"

"የሚከፈልበትን ምረጣ። እነሱ ሲደወልላቸው ይመጣሉ።"

"ይመጣሉ፤ ያንቺን ማሽኖች ግን አይነኩም። አዲሱ እትም እነሱ ላይ አይሠራም። ተጠራርገው ሲጣሉ መዝገብሽን ማን ያወጣልሻል?"

እውነቱን ቢጽፍ መዝገቡ ይጠፋል፤ ቢዋሽ የምንደበድበው የባዶ ክፍል ግድግዳ ነው። እሱ ደግሞ መዋሸት አይሆንለትም።

ዓርብ ጠዋት ገንዘብ ያዥዋ ኮምፒውተሯ ቆመባትና እንደ ልማዷ ግድግዳውን መታች። ሁለተኛ ልትመታ ያነሣችው እጇ እዚያው ቀረ። ሥራ አስኪያጁ እስካሁን አልወሰነም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመዝገብ ቤቱን ፋይሎች በሙሉ ዲስክ ላይ ገልብጦ ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮልኝ ነበር። "የትኛውም ቢመረጥ ይከፍተዋል" አለኝና በደረጃው ቀስ እያለ ወደ ገንዘብ ያዥዋ ክፍል ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት። እሷ ወጥታ ነበር። ያጸዳላትን ማውስ ሰካላት፤ ጠቅ አድርጎ ሞከረው። ሠራ። መብራቷን አጥፍቶላት ወጣ።