እናቴ የጮኸችበት ጫካ

ዝናብ የመታው ጥድ በሸተተኝ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ የእናቴ ድምፅ ነው፤ ያውም በስልክ የማውቀው ለስላሳው ሳይሆን፣ ኦስሎ ዳር ካለው ሰፈራችን ከሞርተንሩድ ጀርባ ባለው የኦስትማርካ ጫካ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ጉሮሮዋ እስኪነቃ የምትጮኸው። ሌላው ሰው የልጅነት ጫካውን ሲያነሳ ስለ ወፎችና ስለ ጸጥታ ያወራል። የእኔ ጫካ ጸጥ ብሎ አያውቅም፣ ጸጥ እንዲልም አልፈልግም።

አስር ዓመቴ ነበር። እናቴና እኔ ሁለታችን፣ ከቲ-ባነው፣ ከከተማው ባቡር፣ የመጨረሻ ጣቢያ አጠገብ ባለ ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እናቴ የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበር፤ አዛውንቶቹን አጥባ፣ አብልታ፣ ፀጉራቸውን አበጥራ ስትመለስ ስማቸውን በልቧ ይዛ ትመጣና ትጸልይላቸው ነበር። ሆሳዕና ያደገች ጴንጤ ናትና ጸሎት ለእሷ የሹክሹክታ ነገር አልነበረም። በአገሯ ምእመናን ጾም ጸሎት ሲይዙ ጫካ ወጥተው፣ ተራርቀው ቆመው፣ እያንዳንዱ የልቡን አፉን ሞልቶ ለጌታው ሲጮኽ ይውል ነበር። እኛ ቤት ግን ገና «ጌታ ሆይ» ስትል የታችኛው ጎረቤታችን የማሞቂያውን ቧንቧ በማንኪያ ይቀጠቅጠው ነበር። ቤተ ክርስቲያናችንም አዳራሽ የምትከራየው ለእሑድ ከሰዓት ብቻ ነበር። እንግዲህ ለእናቴ ድምፅ ኦስሎ ውስጥ የቀረው ቦታ ጫካው ነበር።

በመከር፣ የዕረፍት ቀኗ በሆነ ጊዜ፣ ሻይ በቴርሞስ፣ ዳቦ በፌስታል ይዘን እንወጣ ነበር። ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብለን፣ ሐይቁ ከሥር የሚታይበት ቦታ ላይ እሷ ትቆማለች፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ቀያዮቹን የጫካ ፍሬዎች እየለቀምኩ ግማሹን ወደ አፌ፣ ግማሹን ወደ ቴርሞሱ ክዳን እጨምር ነበር። በጩኸቷ አላፍርም ነበር። እናቶች ሁሉ እንደዚያ የሚጸልዩ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ መከር አንድ ቀን እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ስለተኛች አንዲት አሮጊት ትጸልይ ጀመር። የአሮጊቷ ስም አስትሪድ ነበር። «አስትሪድ! አስትሪድ! ጌታ ሆይ፣ አስትሪድ!» እያለች እያለቀሰች ስትጣራ፣ ግራጫ ውሻ ያስከተለ ሰውዬና ሚስቱ ቁጥቋጦውን እየጣሱ ሲሮጡ መጡ። ሰውዬው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ዕድሜዋ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ ገና ከጸሎቷ አልወጣችም ነበርና በኖርዌይኛ «ዘጠና ሁለት» አለችው። ሚስቲቱ ስልኳን አውጥታ፣ የዘጠና ሁለት ዓመት አሮጊት ጫካ ውስጥ ጠፍታለች ብላ ለፖሊስ ተናገረች። ወዲያው ከሐይቁ በኩል የማናያቸው ሰዎች ድምፅ «አስትሪድ! አስትሪድ!» እያለ ይመጣ ጀመር፤ መንገደኛው ሁሉ ጩኸቷን ሰምቶ ፍለጋ ወጥቶ ነበር።

ነገሩ የገባው ለእኔ ብቻ ነበር። «አልጠፋችም፣ አልጋዋ ላይ ናት፣ እማዬ እየጸለየችላት ነው» አልኩ። ሚስቲቱ ስልኩ ላይ ይቅርታ እየጠየቀች ጥሪዋን ሰረዘች። የሰውዬው ፊት ቲማቲም መሰለ። «ሰው እዚህ የሚመጣው ለጸጥታ ነው» አላት እናቴን፣ «ይኼ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ነው፣ እንስሳቱም ይደነግጣሉ። መጮኽ ከፈለግሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ።» እናቴ ከወገቧ ጎንበስ ብላ «ኡንሽል፣ ኡንሽል» አለች፤ ይቅርታ፣ ይቅርታ። አስትሪድን ፍለጋ ከወጡት መካከል አብሮኝ የሚማር ልጅ አባት ነበረበት፣ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ታዲያ፣ ዛሬም ሲታወሰኝ የሚያንገበግበኝን ቃል ተናገርኳት።

«እንደ ሰው ቀስ ብለሽ አትጸልዪም?»

ቴርሞሱን ክንዷ ሥር ሸጉጣ ወደ ፊት ቀደመችኝ።

ክረምቱን ሙሉ ጫካ አልሄደችም። ሌሎች ቤተሰቦች ስኪያቸውን ተሸክመው በመስኮታችን ሥር ሲያልፉ እሷ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ቧንቧውን ከፍታ፣ አፏን በፎጣ አፍና ትጸልይ ነበር። ከበር ውጭ ቆሜ አዳምጥ ነበር፤ የሚሰማው ውኃው ብቻ ነበር። ሳቋም አብሮ ቀነሰ፣ ማዕድ ላይ እንኳ ድምፅዋን ለመስማት ጆሮዬን ማዘንበል ነበረብኝ። በረዶው በጠነከረበት ሰሞን ከሥራ መጥታ ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠችና «አስትሪድ አረፈች» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ «ጀምሬላት ሳልጨርስላት» አለች። እናቴን ያስቆማት ሰውዬው እንዳልሆነ ያን ዕለት ገባኝ። ከሰውዬው ጋር በልቧ ልትሟገት ትችል ነበር፣ ከእኔ ጋር ግን አልቻለችም።

በረዶው ቀልጦ በጋው ሊገባ ሲል አስተማሪያችን ክፍሉን በሙሉ ለቱር፣ ለእግር ጉዞ፣ ወደዚያው ጫካ ወሰደችን። ሐይቁ ዳር ካለ ገደል ፊት አሰልፋን «ስማችሁን ጥሩ፣ ድንጋዩ ይመልስላችኋል» አለች። ያ ሁሉ ልጅ ባንድ ጊዜ ጮኸ፣ ገደሉም መልሶ ጮኸ። በዚያ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ሳቁልን፣ አንዷ አጨበጨበችልን። ለፖሊስ የደወለ የለም፣ የደነገጠ እንስሳም አላየሁም። ዳቦአችንን ስንበላ አስተማሪዋ፣ ጫካ የሁሉም ነው፣ ማንም ማንንም አይከለክልም፣ አለማንስሬተን የሚባል ሕግ አለ ብላ አስተማረችን። እኔ አልጮኽኩም ነበር። የእናቴ ፎጣ ነበር በዓይኔ የሚዞረው።

ቤት እንደደረስኩ ቦርሳዬን ወርውሬ «እማዬ ተነሺ፣ ጫካ እንሂድ» አልኳት።

«ሰዎቹስ?»

«ይልመዱታ!»

ተነሳችና ጫማዋን አመጣች።

ሳር ለምልሞ፣ ቀኑ አልመሽ ባለበት በዚያ የበጋ መግቢያ፣ ቦታችን ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ሰውዬው ከነውሻው ፊት ለፊት መጣ። ወዲያው ለየን። ፈገግ ብሎ «ዛሬ ጩኸት የለም፣ አይደል?» አለ። እናቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ኡንሽ—» ብላ ስትጀምር እጇን ያዝኩት።

«አለ እንጂ!» አልኩት፣ በእሱ ቋንቋ። «ዛሬም እንጮኻለን። አለማንስሬተን ለእኛም ነው። ማንም አልጠፋብንም፣ ፖሊስ መጥራት አያስፈልግም።»

ሰውዬው ውሻውን ጎትቶ መንገዱን ቀጠለ። ተናዶ ይሁን አፍሮ አላውቅም፣ ግድም አልነበረኝም። እናቴ «ትልቅ ሰው እኮ ነው፣ አንቺ ባለጌ» አለችኝ፤ እጄን ግን ጭምቅ አድርጋ እንደያዘች ነበር።

ቦታዋ ላይ ቆማ ዓይኗን ጨፈነች። ድምፅ አልወጣ አላት። ሞከረች፣ አሁንም አልወጣም። ያን ጊዜ፣ በሕይወቴ ጮክ ብዬ ጸልዬ የማላውቀው እኔ፣ ሆዴን ይዤ «ጌታ ሆይ፣ እማዬን!» ብዬ ጮኽኩ፣ ደግሜም ጮኽኩ። በሦስተኛው እናቴ ተቀበለችኝ፤ መጀመሪያ በለቅሶ፣ ከዚያ በዚያ በምወደው ድምፅዋ፣ የመጦሪያውን አዛውንቶች ሁሉ አንድ በአንድ እየጠራች።

እነሆ አድጌ ሥራ ይዣለሁ። እንደ እናቴ የጸናች አማኝ ነኝ ብዬ አልዋሽም፣ ለዚያች ቃሌም ይቅርታ ጠይቄያት አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ክንዷን ደግፌ ወደ ጫካው አወጣታለሁና አጠገቧ ቆሜ አብሬያት እጮኻለሁ። ያኔ ለመጮኽ የሕግ ስም መጥራት አስፈልጎኝ ነበር። ዛሬ መንገደኛ ቆሞ ሲያየን እኔም ቀና ብዬ አየዋለሁ፣ ድምፄን ግን አልቀንስም።